«እህታችን እስክትዳር እንደብቀው?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊዋ ስሟን አልገለጸችም፤ «ታላቅ እህት» ብላ ነው የፈረመችው። ረዘም ስላለ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት በመጠጣት ጀመረ፤ አሁን ካቲካላ ሆኗል፤ ጠዋት ሳይቀምስ ከቤት አይወጣም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እናታችን ቡና የምትቀዳለት እስከ ስኒው ግማሽ ብቻ ነው፤ እንግዳ ፊት እንዳይደፋበት። ባለፈው ዐቢይ ጾም በራሱ ፈቃድ አቁሞ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ወደቀ፣ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። እናታችን ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘግታ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል እያለ ሲጮህ ዋለ። እናቴ ‹ሰው ነው ያስነካብኝ› አለች። አጎታችን ሁለት መለኪያ ሲያጠጣው ተረጋጋ። ከዚያ ወዲህ ስለማቆም የሚያነሳ የለም።

ታናሽ እህታችን ጥር ላይ ትሞሸራለች። እናቴ ‹የልጁ ቤተሰቦች ሳይሰሙ ሠርጉ ይለፍልኝ› ትላለች። አጎቴ ደግሞ ‹ሰርቪስ ቤት ሁለት ሳምንት እንቆልፍበት፤ ካልሆነ ጸበል ወስደን እዚያው ያቁም› ይላል። እኔ ሐኪም ቤት ስል ‹አማኑኤል አስገብተሽ የእብድ ስም ልታሰጪው ነው?› ብለው ተነሱብኝ። ሥራውንም እንዳያጣ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ንባብሽን ከመቀጠልሽ በፊት ለአጎትሽ ደውዪለት። ወንድምሽ ላይ በር እንዳይቆለፍ፣ መጠጡም በአንድ ቀን እንዳይነጠቅ አደራ በዪው። ይጠጣ እያልኩ አይደለም። ባለፈው ጾም ያያችሁት ነገር በሕክምና የታወቀ፣ ስም ያለው ሕመም ነው፤ ሐኪም በሌለበት ቤት ውስጥ ከተደገመ ሊሞትባችሁ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል ነርቭን ያፈዛል። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው አንጎል ያንን መፍዘዝ ለመቋቋም ከልኩ በላይ ተነቃቅቶ መሥራትን ይለምዳል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ መነቃቃቱን የሚያረግበው ነገር ይጠፋል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እንደሚጥል በሽታ ያለው መንፈራገጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይደልቃል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል፤ ካልታከመ ሰው ይገድላል።

አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። በሁለተኛው ቀን ማታ ወደቀ፤ በሦስተኛው ቀን ጉንዳን አየ። ሕመሙ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የመጣው። የአጎትሽ ሁለት መለኪያም ያረጋጋው አንጎሉ ያጣውን ነገር ስለመለሰለት ነው። የሚያሳዝነው ቤተሰቡ ከዚያ የወሰደው ትምህርት ነው፤ «ያለ መጠጥ አይሆንለትም» አላችሁ፤ ወንድምሽም ይህንኑ አመነ። አንዴ እንዲህ የተንፈራገጠ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያቆም የባሰ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የአጎትሽ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን አይሆንም።

(ስለ ጫት ለምትጽፉልኝም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ይህም እርዳታ ይፈልጋል። የመጠጡን ያህል ግን በድንገት በማቆም ብቻ ሕይወት ላይ የሚመጣ አደጋ የለውም። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ወንድ ከሆነ ቆርጦ ያቁም» ማለት ስንቱን ጎድቷል።)

በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። ያ ወጣት የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ቢወድቅ ኖሮ እናትሽ እሪ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራ ነበር። አንዱ ውኃ ይዞ፣ አንዱ መኪና ለምኖ፣ ሌላው ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ቤት ያደርሱት ነበር። የኛ ሰፈር በዚህ አይታማም። መጠጥ ነው ሲባል ግን በር ተዘጋ፤ ድምፅ ከፍ ተደረገ። ሐኪም ቤቱ ነበረ፤ መድኃኒቱም ነበረ። በሱና በሕክምናው መካከል የቆመው «ሰው ምን ይላል» የሚለው ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርተው ሁልጊዜ በታማሚው ላይ ነው። ወንድምሽ ግን ሕመሙን አልደበቀም፤ የደበቀው ቤተሰቡ ነው።

ይህን የምለው እናትሽን ለመውቀስ አይደለም። ስኒውን ግማሽ የምትቀዳ እናት ልጇ መታመሙን ከማንም በፊት ያወቀች ናት። ጠዋት ጠዋት እጁን እያየች ነው የምትውለው። እሷ ዘንድ የጎደለው ነገሩ ሕመም እንደሆነና መድኃኒት እንዳለው በአፉ የነገራት ሰው ነው። ስለዚህ ለክርክር አትቅረቢያት። ለብቻዋ ስትሆን፣ ቡና ላይ ቢሆን ይሻላል፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ያየነው መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም ነው፤ እንደገና ቢመጣበት ልናጣው እንችላለን» በያት። ስለ ስም አታንሺ፤ ስለ ሞት አንሺ። የሠርጉን መበላሸት የምትፈራ እናት ከሠርጉ በፊት የለቅሶ ድንኳን መጣልን ይበልጥ ትፈራለች። አነጋገሬ ከከበደሽ ይቅርታ፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ መደበቅ የእናንተ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ14 አገሮች ባስጠናውና በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ ኅብረተሰቡ አጥብቆ ከሚያወግዛቸው 18 ሁኔታዎች የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ አንደኛ፣ የመጠጥ ሱስ አራተኛ ሆነው ተገኝተዋል። በኛ አገር ደግሞ መጠጡ ራሱ አይወገዝም፤ ለቅሶም ሠርግም ማኅበርም ያለ ጠላና ጠጅ፣ ያለ ቢራ አይሆንም። «ጠጣ እንጂ!» ብሎ የሚያስገድደው ሰው ነው፣ መጠጡ ሲያሸንፈው ቀድሞ «ሰካራም» የሚለው። ሴት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አይወራም፤ ቤቷ ውስጥ እየጠጣች የምታልቅ ሴት ሐኪም ፊት የምትደርሰው ጉበቷ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ግን የማይለወጥ ነገር አይደለም። በኤች አይ ቪ ያየነውን ታስታውሻለሽ። «ሳንባ ነው»፣ «አልማዝ ባለጭራ ነው» እየተባለ ስንት ሰው ጓዳ ውስጥ አለቀ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሰው ታክሞ ከአልጋ ሲነሳ፣ ሥራው ሲመለስ፣ ልጅ ሲያሳድግ ታየ። ያኔ ነው ሐሜቱ ቀስ በቀስ ጉልበት ያጣው። ታክሞ የተነሳ ጎረቤት ያየ ሰው አፉን ይሰበስባል። በመጠጥ በኩል ይህን ገና አላየንም፤ የዳኑትም መዳናቸውን ይደብቃሉና።

አማኑኤልን በተመለከተ። ሆስፒታሉ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ ስሙ መሰደቢያ እስኪሆን ድረስ ደርሷል። በሱ በር የሚገባው ግን ብዙ ዓይነት ሰው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ጭንቀት የያዘው፣ ከወለደች በኋላ የከፋት እናት፣ ጠጥቶ ማቆም ያቃተው። የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ቤተሰቡ ስሙን መስማት ጨርሶ ካልቻለ በዚህ አንታገል፤ በቅዱስ ጳውሎስም በጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። በየትኛውም በር ይግባ፤ ብቻ ይግባ። ወንድምሽ ከዚህ በፊት ተንፈራግጦ ስለነበር ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝቶ ቢታከም ይሻላል፤ ይህንን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ።

እዚያ ምን እንደሚያደርጉት ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል። ካርድ ታወጣላችሁ። ምን እንደሚጠጣ፣ ስንት መለኪያ፣ መጨረሻ የጠጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ወይም ጫት ይወስድ እንደሆነ ይጠየቃል። እዚህ ላይ አፍሮ ግማሹን እንዳይደብቅ አብረሽው ሁኚ፤ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ደምና ጉበቱ ይመረመራል። ከዚያ እንደ ዳያዜፓም ያለ ነርቭን የሚያረግብ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ በቀናት ውስጥ መጠኑ እየተቀነሰ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አካባቢ ይቆማል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ይጎድለዋል፣ ጉድለቱም አንጎልን ለዘለቄታው ይጎዳል። ዳያዜፓሙን ግን ከፋርማሲ ለምናችሁ አታምጡ፤ ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

እንግዳ መቀበያው ላይ ወይም ተረኛው ዘንድ «ጠጥተህ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብሎ የሚያሸማቅቀው ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ከዚህ ሐሜት ነጻ አይደለም። ተናድዳችሁ እንዳትመለሱ። ረጋ ብለሽ «ያለ ሕክምና ሲያቆም ተንፈራግጦብናል፤ ለዚህ ነው የመጣነው» በዪ፤ ካልሆነም የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ። ምስጢር ይወጣል ብላችሁም አትፍሩ። የሕክምና ባለሙያ የታማሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሙያ ምስጢር ማውጣትም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ የሚጠጣውን አታስቁሙት፤ አትንጠቁት፤ ምግብና ውኃ እንዲወስድ አድርጉ። በመሃል ራሱ አቁሞ ወይም ገንዘብ አጥቶ መንቀጥቀጡ ከበረታ፣ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው፣ ከተንፈራገጠ ወይም መዘባረቅ ከጀመረ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ቀንም ሆነ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በሩም ይከፈት፤ ጎረቤትም ይምጣ።

ወንድምሽን ራሱን እንዴት ታነጋግሪዋለሽ? ማታ ሞቅ ብሎት ሲመጣ አይሆንም። ጠዋት ትንሽ ቀምሶ መንቀጥቀጡ ሲበርድለት፣ ሁለታችሁ ብቻ። ሽማግሌ አትሰብስቡበት። እሱ ባለፈው ጾም ሞክሮ የወደቀ ሰው ነው፤ «አቅም የለህም» እያለ ራሱን ሲሰድብ እንደከረመ ልነግርሽ እችላለሁ። «ያን ጊዜ የጣለህ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነትህ ታሞ ነው። ሐኪም ባለበት ቢሆን ኖሮ አይጥልህም ነበር። አብሬህ ልሂድ?» በዪው። እምቢ ቢል አትጨቃጨቂ፤ በሌላ ቀን እንደገና አንሺው። ለአንድ ቀን ምርመራ ብቻ እንዲሄድ መለመንም ጅምር ነው።

የጸበሉ ነገር። ጸበል አይሂድ አልልም፤ እምነቱ ያጸናው ብዙ ሰው አለ። በ1999 ዓ.ም. ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ከዚያ በፊት ለጸበል ሲሉ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሞቱ ነበሩ። እዚህም እንደዚያው ነው። መጠጡን ሐኪም ዘንድ ያቁም፤ ካገገመ በኋላ ከመድኃኒቱ ጋር ጸበሉን ይጠመቅ። መጠጡን በጸበሉ ስፍራ ማቆም ግን፣ በዚያ ላይ በጾምና በብርድ፣ የሰርቪስ ቤቱን ያህል አደገኛ ነው። በሁለተኛው ቀን ሲንፈራገጥ ያየ ሁሉ ጋኔኑ ጮኸ ይላል፤ ማንም ሐኪም ቤት አይወስደውም። የንስሐ አባታችሁ አስተዋይ ከሆኑ ይህንን አስቀድመሽ አስረጃቸው፤ እናትሽ ከኔም ካንቺም ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ለሥራው የፈራሽው ተገቢ ነው፤ ግን አደጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው ያለበት። ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ግን በዚያው አዋጅ ከተከለከሉት ተግባራት አንዱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን ቁጥር ተሳስቶ ከሚያዝ ታምሞ ፈቃድ ቢወስድ አይሻልም? ማስረጃው ላይ ምን ያህል ዝርዝር መጻፍ እንደሚያስፈልግ ሐኪሙን አነጋግሩት።

ከሆስፒታል ሲወጣ አለቀ እንዳትሉ። ያ መጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ክትትልና ምክር አለ፤ ሐኪሙ ካመነበት ፍላጎቱን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ በየቦታው ግን አይገኙም። ዳይሰልፊራም የሚባል፣ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ክፉኛ የሚያሳምም መድኃኒትም አለ፤ ሳያውቅ ምግብ ውስጥ አድርጉለት የሚል ዘመድ ከመጣ እንዳትሰሚው፤ ሰው ገድሏል። ሊያገረሽበትም ይችላል። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም እንደሚለው ከሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህሉ ያገረሽባቸዋል፤ ይህም መጠን ከደም ግፊትና ከአስም ሕመምተኞች ጋር ተቀራራቢ ነው። ግፊቱ የጨመረበትን አባት «አንተማ አትድንም» ብሎ የሚያባርር ቤተሰብ የለም፤ ወደ ሐኪሙ ይመልሰዋል። ወንድምሽንም ባገረሸበት ማግስት መልሱት፤ ሦስት ወር እስኪያልፍ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ሠርጉ። እስከ ጥር ጊዜ አላችሁ፤ የመጀመሪያው ሕክምና የሚወስደው ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ዛሬ ከጀመራችሁ በሠርጉ ዕለት እጁ ሳይንቀጠቀጥ እህቱን አቅፎ ፎቶ ሊነሣ ይችላል። ከጠበቃችሁ ግን ያ ሁሉ የደበቃችሁት ነገር ድንኳኑ መሃል፣ አማቾቻችሁ ፊት ሊወጣ ይችላል። ለልጁ ቤተሰቦች ሁሉን መዘርዘር የለባችሁም። የሙሽራዋ ውሳኔ ስለሆነ እሷ ለእጮኛዋ ትንገረው፤ ሊያገባት ያለ ሰው የቤቱን ሕመም ከሌላ ሰው አፍ ባይሰማ ይሻላል። ሌላው ከጠየቀ «ታሞ ነበር፤ እየታከመ ነው» በቂ ነው፤ ውሸትም የለበትም። በቤት ውስጥ ግን አጎትሽም፣ ሙሽራዋም፣ አንቺም አንድ ዓይነት ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አንዱ ሲያሳክም ሌላው «ለዛሬ ብቻ» ብሎ እንዳይቀዳለት።

በሠርጉ ቀን ይምጣ ወይስ ይቅር የሚለውን እሱንና ሐኪሙን ጠይቂ። ከመጣ ከማይጠጣ ዘመድ ጎን ይቀመጥ፤ ያን ሰው ካሁኑ ምረጡና ንገሩት። አሳላፊዎቹ እሱ ፊት ለስላሳና አምቦ ውኃ ብቻ እንዲያስቀምጡ አንድ ሰው ይከታተል። ምሳው እንዳለቀ ልቡ ከከበደው ሳይሰናበት መሄድ እንዲችል መኪናና የሚሸኘው ሰው ይዘጋጅለት፤ ማንም «ወዴት?» ብሎ እንዳያቆመው አጎትሽ በሩ አካባቢ ይሁን።